የውርጭ አገር ልጆች
ከመካነ ሰላም ደጋ እስከ ዓለም ዳርቻ ባሕር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ጉጉፍቱ ሲደርስ ጋቢውን አጥብቆ መከናነብ ግድ ይሆንበታል። ከዚያም በአቀስታ በኩል የለጋምቦን ሜዳና ኮረብታ እያቋረጠ፥ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መካነ ሰላም ይገባል። የከተማዪቱ ስም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን በዚህ ደጋ ላይ የሚሰፍነው ጸጥታ የሰላም ብቻ ሳይሆን የብርድም ነው፤ ሰው ከቤቱ፥ ከብት ከበረቱ ገብቶ፥ ውሻውም ሳይቀር ከምድጃው ዳር ተጠቅልሎ ይተኛልና።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አቀማመጡ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ታላቁ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሲዞር ይህን አገር በምዕራብና በደቡብ በኩል በጥልቅ ገደል ይከበዋል፤ በሰሜንም በኩል በሽሎ የራሱን ገደል ቆፍሮ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከገደሉ ሥር በቆላው ሙቀት ሰው በቀጭን ነጠላ ሲውል፥ ሽቅብ ቀና ብሎ የሚያየው የደጋው ራስ ግን ባናና በርኖስ የሚለበስበት ነው። አየሩ በየመቶው ሜትር ከፍታ ስድስት ዐሥረኛ ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛልና፥ ከቆላው እስከ ደጋው ራስ 2,500 ሜትር የወጣ ሰው 15 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ከኋላው ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎች፥ አንዱ ማሽላ አንዱ ገብስ እየዘሩ፥ በሁለት ልዩ ልዩ አገር እንደሚኖሩ ያህል ናቸው።

በዚህ አገር ውርጭ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሪቱ በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የሚይዝላት የደመና ክዳን የላትምና። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ አስተዋይ ገበሬ ባቄላውን በረባዳው ሳይሆን በተዳፋቱ ላይ መዝራት ይመርጣል። ማለዳ ሲነጋ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይም ሞቅ ስትል የባቄላው ቅጠል በፈላ ውሃ እንደ ተነከረ ሁሉ ጠቁሮና ተልፈስፍሶ ይገኛል። «ውርጭ መታው» ይባላል፤ በዚያች አንዲት ሌሊት የቤተ ሰቡ የዓመት ተስፋ ይጎድላል።

ቅጠሉን የገደለው ቅዝቃዜው ብቻውን አይደለም፤ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶነት መለወጡ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በመጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል፤ እንደ መርፌም የሾለ ቅርጽ ይይዛል። ይህ መርፌ ሕይወት ባላት ጥቃቅን ሕዋስ ውስጥ ከበቀለ ይቀዳታል፤ ከውጭዋም ሆኖ ውሃዋን እየሳበ ያደርቃታል። እንግዲህ ሰው ባናውን ተከናንቦ እሳቱን አንድዶ ያድራል። ባናም እሳትም የሌለው ፍጥረት ግን በዚያ ሌሊት እንዴት ሆኖ ያድራል? ይህ ጥያቄ የደጋ ልጆች አባታቸውን የሚጠይቁት ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንትም ቢሆኑ ብዙ ዘመን የደከሙበት ነው።

መልሱ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ የተመረመረው ከአገራችን እጅግ ርቆ፥ በምድር ደቡባዊ ዋልታ ዙሪያ ባለው ባሕር ውስጥ በሚኖሩ ዓሦች ላይ ነው። ስለዚህ አንባቢያችን ለጥቂት ጊዜ የቦረናን ደጋ ትቶ በሐሳቡ ወደዚያ አብሮን ይጓዝ፤ ተመልሰን ስንመጣ የራሳችንን ተራራ በሌላ ዓይን እናየዋለንና።

የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት እንደ ምንጭ ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። በአንታርክቲካ ጠረፍ ያለው ባሕር በዚህ ልክ ቀዝቅዞ፥ በላዩ የበረዶ ጣራ ተነጥፎበት፥ በውስጡም ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣት እየዋኘበት ይኖራል። የዓሣ ደም ግን ጨውነቱ ከባሕሩ ያነሰ ስለሆነ፥ ልዩ መከላከያ ከሌለው ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ሳይሞላ ይረጋል። በዚህ ስሌት ቢሆን ኖሮ በዚያ ባሕር አንድም ዓሣ ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን ዓሦች አሉ፤ ይበላሉ፥ ይዋለዳሉ፥ በበረዶውም ሥር እንደ ቤታቸው ይመላለሳሉ።

ሾላንደር የተባለው የሕያዋን ጠባይ መርማሪ በሰሜን በኩል በላብራዶር ጠረፍ ያሉትን ዓሦች መርምሮ በ1957 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ አስደናቂ ነገር ገለጠ። በጥልቁ ውሃ የሚኖሩት ዓሦች ደማቸው ሊረጋ ከሚገባው መጠን በታች ቀዝቅዞ ሳለ ሳይረጋ ይኖር ነበር፤ ምክንያቱም በጥልቁ ስፍራ በረዶ የሚባል ነገር ስለማይነካቸው ነው። አውጥተው በዚያው ቅዝቃዜ ከበረዶ ጋር ባገናኟቸው ጊዜ ግን ወዲያውኑ ረግተው ሞቱ። በረዶ ለመጀመር ዘር ይፈልጋልና፥ ዘሩ እንደ እሳት ፍንጣሪ አንድ ጊዜ ከነካ ሁሉንም ያዳርሳል። ታዲያ በረዶው በሚዋኝበት በላይኛው ውሃ የሚኖሩት እንዴት ይድናሉ?

ይህን የመለሰው አርተር ደቭሪስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በአንታርክቲካ በማክመርዶ ባሕር ዳር ተቀምጦ የዓሦቹን ደም ሲመረምር፥ ከስኳር ጋር የተያያዘ አንድ ልዩ ፕሮቴይን አገኘ፤ ይህንም በ1969 ከባልደረባው ጋር አሳተመ። ፕሮቴይኑ ደሙን አያሞቀውም፤ በረዶም ፈጽሞ እንዳይገባ አያደርግም። ሥራው ሌላ ነው። ጥቃቅኑ የበረዶ ቅንጣት ከውሃው ጋር ወደ ዓሣው አካል ሲገባ፥ ፕሮቴይኑ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ይለጠፍና እንዳያድግ ይከለክለዋል። ገበሬ ዱር ገብቶ አውሬውን ሁሉ መግደል አይችልም፤ በእርሻው ዳር ግን የእሾህ አጥር አጥሮ ይኖራል። ዓሣውም እንዲሁ ከበረዶ ጋር አብሮ ይኖራል፤ በረዶው ግን አጥሩን አልፎ አይሰፋም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ፕሮቴይኑ የተገኘበት ምንጭ ነው። በ1997 ቺ ሂንግ ክሪስቲና ቼንግ የተባለች ሊቅና ባልደረቦቿ የዘር ትእዛዙን፥ ማለት ጂኑን፥ መርምረው ምንጩን ከቆሽት አገኙት። ቆሽት ምግብ የሚያዋህድ ጭማቂ የሚያመነጭ ብልት ነው፤ ከጭማቂውም አንዱ ሥጋ መሰል ምግብ የሚፈጨው ትሪፕሲን ነው። የትሪፕሲን ትእዛዝ መጀመሪያውና መጨረሻው ተጠብቆ፥ መካከሉ ተቈርጦ ወድቆ፥ በምትኩ ዘጠኝ ፊደል ብቻ ያላት አንዲት ትንሽ ክፍል ደጋግማ እየተባዛች ገብታ አዲሱ የበረዶ መከላከያ ተሠራ። ቀጥቃጭ ያለቀ ማረሻ ወስዶ አግሎ ማጭድ እንደሚያወጣበት፥ ተፈጥሮም ለሆድ ሥራ የነበረውን ትእዛዝ ወስዳ ለብርድ ሥራ አዋለችው። ዛሬም ይህ ፕሮቴይን በብዛት የሚወጣው ከዚያው ከቆሽት ነው፤ በረዶ በመጀመሪያ የሚገባው ከሚጠጣው ውሃ ጋር ወደ አንጀት ነውና፥ ዘበኛውም የቆመው በበሩ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ዓሣው አስቦና መክሮ ያደረገው እንዳይመስለን። ደቡብ አሜሪካ ከአንታርክቲካ ከተለየች በኋላ፥ ይህም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው፥ በአንታርክቲካ ዙሪያ ታላቅ የባሕር ጅረት መዞር ጀመረ፤ ይህም ጅረት ሞቃቱን ውሃ ከለከለ፥ ባሕሩም ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። በየትውልዱ ከሚወለዱት ዓሦች መካከል በጥቂቱ እንኳ ብርዱን የሚችል ነገር ያገኘው ተረፈ፥ ልጅም ወለደ፤ ያላገኘው ጠፋ ወይም ሸሸ። ጥቂቱ በጥቂቱ ላይ እየተጨመረ ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ሙሉ ነገድ ሆነ።

ነገሩንም የሚያጸናልን ሌላ ምስክር አለ። በምድር ሰሜናዊ ዋልታ የሚኖረው የአርክቲክ ኮድ የተባለው ዓሣ ከደቡቡ ዓሣ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም፤ በመካከላቸውም የዓለም ሙቅ ባሕር ሁሉ አለ። ሆኖም በደሙ ውስጥ ያለው መከላከያ ከደቡቡ ጋር አንድ ዓይነት ሊባል የሚችል ነው። የእርሱ ትእዛዝ ግን ከትሪፕሲን አልመጣም፤ በ2019 እንደታወቀው፥ ቀድሞ ምንም ፕሮቴይን ከማይሠራ የዘር ክፍል የተገኘ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ በሁለት አገር አንድ ዓይነት ቁልፍ ሠርተው እንደ ተገኙ ሆነ። ችግሩ አንድ ሲሆን መፍትሔውም ይቀራረባል።

ከእነዚህ ዓሦች መካከል የበረዶ ዓሣ የሚባሉት ደማቸው እንደ ውሃ የጠራ ነው። የኖርዌዩ ሊቅ ሩድ በ1954 እንዳረጋገጠው፥ የእኛን ደም ቀይ የሚያደርገውና አየርን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በእነርሱ ዘንድ የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ ይልቅ ብዙ ኦክሲጅን ስለሚይዝ፥ በደማቸው ውስጥ የሟሟው ብቻ ይበቃቸዋል፤ ልባቸው ግን ትልቅ ሆኖ ብዙ ደም መግፋት አለበት። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ የምንመለስበት ነውና። ብርዱ ለእነዚህ ፍጥረቶች ጠላት መሆኑ ቀርቶ የቤታቸው ምሰሶ ሆኗል።

አሁን ወደ ቦረና እንመለስ። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን የደንቆሮ ጫካ የሚባለው ጥንታዊ ደን አለ። ይህ ስፍራ በ2001 ዓ.ም. በክልሉ መንግሥት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ በኋላም ሰፍቶ ቦረና ሳይንት ወረሒመኑ ተባለ። ከታች የደጋ ዛፎች በጭጋግ ተሸፍነው ይታያሉ፤ ወደ ላይ ሲወጡ የአስታ ቁጥቋጦ ይቀበላል፤ ከ3,600 ሜትር በላይ በሚደርሰው ራሱ ላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ነግሠው ይገኛሉ።

ጅብራ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ነው። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በራሱ ላይ ረዣዥም ቅጠሎቹን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ብዙ ዓመት ይቆይና፥ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፥ ዘሩን በትኖ ይሞታል። እንግዲህ የዚህ ተክል መከራ ከዓሣው መከራ ይለያል። የዋልታው ባሕር ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋ ራስ ላይ ግን በየቀኑ በጋ፥ በየሌሊቱም ክረምት የሚፈራረቅ ያህል ነው። ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ምድር ትረጋለች። ስለዚህ የአውሮፓ ዛፍ በመጸው ቅጠሉን አርግፎ እስከ ጸደይ እንደሚተኛ፥ ጅብራ ሊተኛ አይችልም፤ በየማታው ለብርዱ፥ በየማለዳው ለፀሐዩ መዘጋጀት ግዴታው ነው።

የጅብራ ዘመዶች በሆኑት በኬንያ ተራራ ግዙፍ ተክሎች ላይ የጀርመኑ ሊቅ ኤርቪን ቤክና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርመራ ምሥጢሩ ታወቀ። የዚያ አገር ተክል በረዶውን እንደ ዓሣው አያግደውም፤ ይልቁንም ከሕዋሱ ውጭ ባለው ክፍተት እንዲረጋ ይፈቅድለታል። ውሃው ከሕዋሱ ወጥቶ በውጭ በረዶ ይሆናል፤ በውስጥ የቀረው ፈሳሽ ግን ስኳሩና ጨው መሰሉ ነገር ስለሚበረክትበት አይረጋም። ሌሊት እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቅጠል በማለዳ ፀሐይ ቀልጦ እንደ ቀድሞው ይለመልማል፤ ሥራውንም ይቀጥላል። ሲመሽም የውጭዎቹ ቅጠሎች ወደ መካከል ታጥፈው ለጋውን እምብርት እንደ እናት እቅፍ ይሸፍኑታል። አንዱም ዓይነት በቅጠሎቹ መካከል ውሃ ያጠራቅማል፤ የውሃው ፊት ሲረጋ ከሥሩ ያለው ቡቃያ ከብርዱ ይጠበቃል፤ በረዶው ራሱ ብርድ ልብስ ሆነለት ማለት ነው።

እንስሶቹም እንዲሁ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ጭላዳ በርኖሱን ከቆዳው ጋር ይዞ የተወለደ ነው፤ ሌሊቱን በገደል ወሽመጥ ተጠጋግቶ ያድርና፥ ማለዳ ወደ ሜዳው ወጥቶ ፀሐይ እየሞቀ እርስ በርሱ ከተቃማመለ በኋላ ወደ ሣር ግጦሹ ይሰማራል። ቀይ ቀበሮ በሜዳው ላይ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ከጭራው ሥር ደብቆ ያድራል። ብዙዎች አውሬዎች በሌሊት ሲያድኑ እርሱ ግን በቀን ያድናል፤ ምግቡ የሆኑት አይጦችና ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው የሚወጡት አየሩ ሲሞቅ ነውና። ሰውም በዚህ አገር የራሱን ጥበብ አበጀ። ገብስን የእህል ንጉሥ ብሎ አከበረ፤ የበጉን ጠጉር ሸልቶ፥ ሴቶች ፈትለው ሸማኔ ሠርቶት፥ ባናና በርኖስ አደረገ፤ ቤቱንም በጓሳ ከደነ። ዓሣው አዲስ ፕሮቴይን ሲያገኝ እኛ አዲስ ልብስ አገኘን፤ ልዩነቱ የእኛን ልብስ ሲሞቅ ማውለቅ መቻላችን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በዚህች ልዩነት ላይ ያርፋል። የዋልታው ዓሣ ልብሱን ማውለቅ አይችልም። ደቭሪስና ሶሜሮ በ1967 ባሳተሙት ምርመራ እንደ ታየው፥ ከእነዚህ ዓሦች አንዳንዶቹ ውሃው ስድስት ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ብቻ ይሞታሉ፤ እኛ እጃችንን ብንከትበት የሚያንቀጠቅጠን ውሃ ለእነርሱ እንደ እሳት ነው። የሞቀ ውሃ ኦክሲጅኑ ያነሰ ስለሆነ ነጭ ደም ያለው ዓሣ ትንፋሽ ያጥረዋል። በ2014 ደግሞ ሌላ ዕዳ ታወቀ። ያ የሚጠብቃቸው ፕሮቴይን በበረዶው ቅንጣት ላይ ተለጥፎ እንዳያድግ እንደሚከለክለው ሁሉ፥ ውሃው በመጠኑ በሚሞቅበት ጊዜም እንዳይቀልጥ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ዓሣው በረዶውን በሰውነቱ ተሸክሞ ይኖራል። ለብርድ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ የቀዝቃዛው ዓለም ጌታ የሆነ ሁሉ የሞቃቱ ዓለም እንግዳ እንኳ መሆን አይችልም።

የጅብራና የቀይ ቀበሮ ዕጣ ከዚህ ጋር አንድ ነው። የዋልታውን ዓሣ ሞቃቱ ባሕር እንደ ከበበው፥ የቦረናን ደጋ የዓባይና የበሽሎ ገደል ከቦታል፤ የጅብራ ዘርና የቀበሮ ግልገል ያንን ሙቀት ተሻግሮ ወደ ሌላ ተራራ መሄድ አይቻለውም። ከሃያ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በበረዶው ዘመን፥ የስሜንና የባሌ ራስ የበረዶ ግግር ለብሶ በነበረ ጊዜ፥ የውርጩ አገር ዛሬ ካለበት ብዙ ወደ ታች ወርዶ ሰፊ ነበር። ምድር ስትሞቅ ግን አገሩ እየጠበበ ወደ ላይ ሸሸ፤ እነዚህም ፍጥረቶች ከእርሱ ጋር ወጡ። አሁን በተራራው ጫፍ ላይ ናቸው። ከተራራ ጫፍ በላይ ደግሞ የሚወጡበት ሌላ ተራራ የለም።

ከሁለት ወገን የሚመጣ ግፊት አለባቸው። ከላይ የዓለም ሙቀት ይጨምራል፤ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፥ እስከ 2080 ድረስ ለጅብራ ከሚመቸው ስፍራ ሊቀር የሚችለው 3.4 ከመቶ ብቻ መሆኑን በስሌት አሳይተዋል። ይህ የስሌት ትንበያ እንጂ የተፈጸመ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ከቸልታ ሊያነቃን የሚገባ ቁጥር ነው። ከታች ደግሞ እርሻው ሽቅብ ይወጣል። ቀድሞ ለገብስ እጅግ ቀዝቃዛ የነበረው ተዳፋት ሲሞቅ ይታረሳል፤ አስታው ለማገዶ ይቈረጣል፤ ጓሳው በከብት ይጋጣል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ሁሉ ተቈጥሮ ከአምስት መቶ እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም አንድም የለም። በደቡብ ወሎ የቀሩት ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ጥቂቶች ናቸው።

በዚህ ነገር ላይ ገበሬውን መውቀስ አይገባም። ልጆቹን የሚያበላው ከዚያው ተዳፋት ነው፤ ውርጭ ባቄላውን የመታበት ሰው አንድ ጥማድ መሬት ወደ ላይ ቢጨምር በክፋት አይደለም። ነገር ግን የተራራው ራስ የቀበሮውና የጅብራው ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ጎተራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ጓሳውና አስታው ጭጋጉንና ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይይዛሉ፤ በበጋም ከሥራቸው የሚፈልቀው ምንጭ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ራሱ የተመለጠ ተራራ በክረምት ጎርፍ፥ በበጋ ጥም ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ በቤተ ሰብ ዘንድ ሊደረግ የሚችለውን ጥቂት ነገር እናስታውስ። ማገዶ ከጫካ እንዳይፈለግ በየጓሮው ዳር ዛፍ ተክሎ ማሳደግ ይቻላል፤ ማገዶ ቈጣቢ ምድጃም የእናቶችንና የሴቶች ልጆችን ድካም ያቀልላል፥ የአስታውንም ዕድሜ ያረዝማል። የቤትን ውሻ ማስከተብና ወደ ጓሳው ሜዳ እንዳይከተል ማድረግ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ቀይ ቀበሮን በአንድ ጊዜ በብዛት የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነው፤ ይኸው በሽታ ልጆቻችንንም የሚገድል ስለሆነ፥ ክትባቱ ቤትንም ጫካንም ይጠብቃል። አባቶችም ጅብራ ሲያብብ ልጆቻቸውን ወስደው ቢያሳዩ፥ ይህ ተክል ስንት ሌሊት ረግቶ ስንት ማለዳ እንደ ቀለጠ ቢነግሯቸው፥ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሆንላቸዋል። በተድባበ ማርያምና በሌሎችም የአገሩ አድባራት ዙሪያ ቆመው የምናያቸው ዛፎች የቀሩት፥ አባት ለልጁ «ይህ አይነካም» ብሎ ስላስተማረ ነው።

የዋልታ ባሕርና የቦረና ደጋ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ሰው ቢኖር፥ የሚያገናኛቸው ይህ ነው ብለን እንመልስለታለን፤ በሁለቱም ስፍራ ፈጣሪ በሰጠው ረጅም ዘመን ፍጥረት ከቤቱ ባገኘው ጥቂት ነገር ብርድን ድል ነሥቷል። ዓሣው ከሆዱ ጭማቂ ጋሻ ሠራ፤ ጅብራው በረዶውን በደጅ አሳደረው፤ ጭላዳው ጠጉሩን አበዛ፤ ሰውም የበጉን ጠጉር ፈተለ። እነዚህን ሁሉ ለማበጀት ሚሊዮንና ሺህ ዓመታት ፈጁ፤ ለማጥፋት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ይበቃል። ከሁሉም መካከል ልብሱን እንደ ጊዜው መለወጥ፥ ነገንም አስቀድሞ ማሰብ የተሰጠው ለሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የውርጩን አገር የመጠበቅ ዕዳ የወደቀው በእርሱ ጫንቃ ላይ ነው።